ሙሽራዋ ሳትመጣ የተሰመረ መስመር

አክስቴ የጋብቻ መዝጋቢ ነበረች። በፍርድ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ የሷ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ተቀምጣለች። ፍርድ ቤቱ የሙስሊሞችን የቤተሰብ ጉዳይ ነው የሚያየው፤ ኒካህ፣ ፍቺና ውርስ፣ ከዚያ አያልፍም። ፎቅ ላይ ዳኞቹ፣ ቃዲዎቹ፣ ያፋታሉ፣ ምድር ላይ አክስቴ ታጋባለች። "እኔ ከታች የገነባሁትን እነሱ ከላይ እያፈረሱት ቤት እንዴት ይቁም" እያለች ትቀልድ ነበር።

ሰው "ማስመሪያ" ነው የሚላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን ስም ሳትሰማ ዓመታት አለፉ፤ የሰማች ጊዜም አልከፋትም። ከእንጨት የተሠራች፣ ጠርዟ ላይ ቀጭን ብረት ያላት ማስመሪያ አለቻት፣ ከቦርሳዋ አትለያትም። ገበያ ሳይቀር ይዛት ትሄዳለች። አንድ ጊዜ የመጋረጃ ጨርቅ ገዝታ እዚያው ነጋዴው ፊት ብትለካው አጥሮ ተገኘ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ድረስ ከሩቅ ካያት ሥራውን ለልጁ ትቶ ወደ ጓዳ ይገባል።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ለሥራ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሰው ስለነበር ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ "እማ" ነው የምላት። የራሷ ልጅ የላትም። ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ቁርኣን ቤት እጄን ይዛ የወሰደችኝ፣ ጸጉሬን እየጎተተች ያበጠረችኝ እሷ ናት። ካደግሁ በኋላ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። ሐሳቡም የሷ ነበር። "ፍርድ ቤት የሚመጣ ሰው አንድ ወረቀት ሁልጊዜ ይጎድለዋል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እስካሁን የምኖረው በዚያች በጎደለችው ወረቀት ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በኒካሁ ቅጽ ላይ ስለሆነ ስለሱ ልናገር። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ከላይ የሙሽሪትና የሙሽራው ስም ይሰፍራል፣ ቀጥሎ የወሊዩ፣ ማለትም ሙሽሪትን የሚድራት ዘመድ ስም፣ ቀጥሎ የሁለት ምስክሮች፣ ከዚያ መህሩ፣ ማለትም ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው ስጦታ። ከመህሩ በታች "ሸርጥ ካለ" የሚል ርእስና አምስት ባዶ ረድፎች አሉ። ሸርጥ ማለት ሙሽሪት ለትዳሩ የምታስቀምጠው ግዴታ ነው። ትምህርቴን እጨርሳለሁ ትላለች፣ ወይ ከእናቴ አታርቀኝም፣ ወይ ይህን ካፈረስክ ራሴን አሰናብታለሁ። ባልየው እሺ ካለና ከተጻፈ ይጸናል። ይህ የኋላ ሰው ያመጣው አይደለም፣ ከጥንት ጀምሮ በኪታብ ያለ ነው።

ደንቡ ባዶ ረድፍ ያለበት ቅጽ አይፈረምም ይላል። የወጣውም በምክንያት ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ከተፈረመ በኋላ በባዶው ላይ የራሱን ነገር ጨምሮ ሁለት ቤተሰብ ሲያጨቃጭቅ ኖሯል ይባላል። ስለዚህ የሚጻፍ ነገር ከሌለ መዝጋቢው ባዶውን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ መስመር ይዘጋዋል። አክስቴ ይህን ስታደርግ ማየት ደስ ይል ነበር። ማስመሪያዋን ታጋድማለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ሰማያዊው እስክሪብቶ አንድ ጊዜ ሸርተት ይላል። መስመሯ አይንቀጠቀጥም፣ አይደገምም።

ችግሩ ሐሙስ ነው። ሐሙስ የሙሽራ ቀን ስለሆነ ያቺ ክፍል በሽቶና በአማት ትሞላለች። ስለዚህ አክስቴ ብልሃት ፈጠረች። ረቡዕ ከዙህር ሰላት በኋላ፣ ሰው ሲቀል፣ የሳምንቱን ቅጾች ትደረድርና ባዶውን ረድፍ አስቀድማ ትዘጋዋለች። ሙሽሪት ሐሙስ ስትመጣ ቅጹ መስመሩን ይዞ ይጠብቃታል። ሸርጥ አለኝ ብለው አፋቸውን የከፈቱ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ እነሱንም አክስቴ መክራ ነው የሸኘቻቸው። ክፋት አልነበራትም። ሥራዋን የምትወድ ሰው ናት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይህን መጻፍ በጣም ይቀለኝ ነበር።

እኔም ያገባሁት ሐሙስ ቀን ነው። ባሌ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ሱቄ ውስጥ አንዲት ሶኬት ሊጠግን መጥቶ ሦስት ቀን የፈጀ ሰው። ውጭ አገር የአንድ ዓመት ኮንትራት አግኝቶ ስለነበር ነገሩ ተጣደፈ። አክስቴ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብላ አጉረመረመች፣ ግን ልጁን ወደደችው። እኔም ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም።

በጠረጴዛዋ ዙሪያ ስድስት ነበርን። እኔና እሱ፣ ወሊዬ አባቴ፣ ሁለቱ ምስክሮች፣ እና አክስቴ። አንዱ ምስክር የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ቁልፉን ከእጁ አያስቀምጥም። ሌላው የአባቴ ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ "አሚን" ብለዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ ዱዓ ያደረገ ሰው አልነበረም።

ልፈርም ስል እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ።

"አንድ ነገር ይጻፍልኝ" አልኩ።

"ምን?" አለች አክስቴ።

"አንድ ዓመት ብሏል። ከዓመት በላይ ከቀረና ካልወሰደኝ ራሴን የማሰናበት መብት ይኑረኝ።"

ባሌ ሳቀ። "ይጻፍላት፣ እኔ ምን ቸገረኝ? ከዓመት በላይ የት እቀራለሁ?" አለ።

አክስቴ ቅጹን ወደኔ አዞረችው። መስመሩ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰምሯል። "ይሄው እሺ ብሏል፣ ሰውም ሰምቷል" አለች። "ይሄን ቀድጄ በአራት ቅጂ እንደገና ልሙላ ብል ዙህር ይደርሳል፤ በሩ ላይ አሥራ አንድ ሙሽራ ቆሟል። ደግሞ ልጄ፣ ትዳርን በጥርጣሬ አትጀምሪው።"

ከጀርባዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ ራሷ በቁም ጽሕፈት ጽፋ የለጠፈችው አባባል ነበር፤ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ይላል። ያን ቀን ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። እኔ ፊት ለፊት እያየሁት ፈረምኩ። ያሳደገችኝ ሴት ናት፣ ምን እላታለሁ?

ዓመቱ አለፈ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ በኋላ በየወሩ ሆነ፣ በኋላ ቁጥሩ ተቀየረ። በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። በሦስተኛው ዓመት አንዲት ሴት ፓስፖርቷን ኮፒ ልታስደርግ መጥታ ስለዚያ አገር ስናወራ፣ ባሌ እዚያ ሌላ ሚስትና ልጅ እንዳለው ሳታውቀው ነገረችኝ። ኮፒውን ጨርሼ ሰጠኋት፣ ደህና ሁኚ አልኳት፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ፍቺ ስጠይቅ መልሱ በሾፌሩ በኩል ይመጣል። "ምን ጎድሎባት ነው? ትታገስ፣ አልፈታም ብሏል።" ምንም እንዳልጎደለብኝ ማረጋገጫው ዱቄት ነበር። ሾፌሩ በየሁለት ወሩ መኪናውን በሬ ላይ ያቆምና አንድ ኬሻ ዱቄት ያወርዳል፣ "ከባልሽ ነው" ይላል፣ ይሄዳል። አራት ዓመት ሙሉ ከዱቄት ጋር ተጋብቼ ኖርኩ። ባለትዳር ነኝ እንዳልል ባል የለኝ፣ ፈት ነኝ እንዳልል ፍቺ የለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞላኝ፣ ልጅ እፈልጋለሁ። የእኛ ሲሮጡ የታጠቁት ግን አልፈታ አለ።

ከሱቄ አጠገብ የልብስ ሰፊዋ ቤት አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከዐስር ሰላት በኋላ ማሽኑን ትዘጋና ሰባት ስምንት ሴቶች እዚያ ይሰበሰባሉ። የምታስተምራቸው አንዲት ኡስታዛ ናት፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን ስትናገር ከየትኛው ኪታብ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደሆነ ሳትጠቅስ አታልፍም። የሚማሩት አንድ ነገር ነው፤ ሸሪዓው ለሴት የሰጣት ምንድን ነው፣ ከእጇስ የወጣው የት ላይ ነው? አክስቴ አትወዳቸውም ነበር። "እነዚያ ሴቶች ማሽኑ ቢበላሽ በምላሳቸው ይሰፋሉ" ትላለች። እኔም መጀመሪያ የገባሁት ወረቀታቸውን ኮፒ አድርጌ ላደርስ ነው፣ ከዚያ መቀመጫ ሰጡኝ፣ ቀረሁ።

ያን ዓመት የማክሰኞዎቹ ሴቶች ቅጹን ለሚያወጣው የዑለማ፣ ማለትም የሃይማኖት ሊቃውንት፣ ጉባኤ ማመልከቻ ጻፉ። አዲስ ሕግ አልጠየቁም። ኡስታዛዋ ይህን ሦስት ጊዜ አስጽፋዋለች። "የጠየቅነው ያለውን ነው፤ ሸርጥ የሚለው ክፍል ከመፈረሟ በፊት ለሙሽሪት ጮክ ተብሎ ይነበብላት፣ ትጠየቅ" ነው ያሉት።

መልሱ በሦስት ወሩ መጣ። ለሰባቱም ሴቶች ኮፒ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ያነበብኩትም ከማሽኑ ላይ ሳነሳው ነው። "በመዝገብ ቤት ባደረግነው ማጣራት ባለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ሸርጥ ያስመዘገበች ሙሽራ አልተገኘችም። በመሆኑም ሴቶቻችን በዚህ ረገድ ፍላጎት እንደሌላቸው ተረድተናል።"

ኡስታዛዋ ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። "አንድ እንኳ? በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ እንኳ እንዴት አይገኝም?" አለች።

እኔ አውቃለሁ። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። አንገቴን ደፍቼ ወረቀቶቹን አስተካከልኩ። አክስቴን አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም።

ወደ ቃዲው እንድሄድ የገፋፋችኝ ኡስታዛዋ ናት። "በአፍ የተባለና ባልየው እሺ ያለው ሸርጥ ሳይጻፍም ሸርጥ ነው፤ የሚያስፈልግሽ ማስረጃ ነው" አለችኝ። ሄድኩ። ቃዲው ቀጭን፣ ዝግ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ መወልወል ከጀመሩ ነገሩ ከብዷቸዋል ማለት ነው።

"ስለ መቅረቱ ብቻ ላፋታሽ ብል፣ ባልሽ በሕይወት አለ፣ አድራሻው ይታወቃል፣ ወንድሙም ቀለቧ አልተቋረጠም ይላል" አሉ። "ይህ መንገድ ረጅም ነው፣ ዓመታት ይፈጃል። ሸርጥ ቢኖርሽ ዛሬውኑ ያልቅ ነበር። ወረቀቱ ግን የለም ይላል።"

"ተናግሬ ነበር፣ ሸይኽ።"

"ለማን?"

የአክስቴ ፊርማ ከመስመሩ በታች ነበር፣ እሳቸውም እያዩት ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረኝ፣ አልወጣልኝም።

"ምስክርስ?"

"አባቴ ሞቷል። አስተማሪው በደንብ አይሰሙም። የባሌ ወንድም ይኸው አለ።"

ሾፌሩ ቁልፉን እያሽከረከረ ተነሣ። "እኔ የማውቀው የፈረምኩትን ነው። ወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው" አለ። ቃዲው መነጽራቸውን ወለወሉና የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡን።

ያን ቀን መግሪብ ሰግደን አክስቴ ለነገ የምትለብሰውን ሻርፕ ስትተኩስ አጠገቧ ቆምኩ።

"ዛሬ ስምሽን አልጠራሁም" አልኳት።

ካውያውን አላነሳችም። "ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?"

"ሸርጥ አለኝ ስላት መስመር አሳየችኝ ብዬ።"

"እኔ የሰረዝኩት ጽሑፍ የለም። ባዶ ነበር፣ ባዶውን ዘጋሁ። ደንብ ነው።"

"እማ፣ ባዶ የሆነው እኮ አንቺ ስለዘጋሽው ነው።"

"እና ቃዲው ፊት ቆሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሙሽሮቹን ሳልጠይቅ ነው ያሰመርኩት ልበል? ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ከዚያ ጠረጴዛ በማግሥቱ ነው የሚያነሱኝ።"

"እኔስ ከምን ልነሣ? እኔ ጠረጴዛም የለኝ።" ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። "እናቴ ብትኖር ኖሮ ታጽፍልኝ ነበር" አልኳት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ካውያውን ነቀለች፣ ሻርፑን በአራት አጠፈች፣ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ከዚያ ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። ምሳዬን ትሠራለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ በሩን ስገባ ሰላምታዬን በራሷ ንቅናቄ ትመልሳለች፣ ድምፅ ግን የለም። እኔም አልተለማመጥኳትም። ተናድጄባት ነበር። አሁንም አንዳንድ ቀን ስነሣ እናደድባታለሁ፣ ይህን ካልተናገርኩ ዋሸሁ ማለት ነው።

አሥረኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ምሳዋን ረስታ ስለወጣች ሩዙን ይዤላት ገባሁ። የሳምንቱ ቅጾች ተደርድረዋል፣ ግማሹ ተሰምሯል። ከሳህኑ ጋር የጉባኤውን ደብዳቤ አስቀመጥኩላት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ፍላጎት እንደሌላቸው?" አለች። የዘጠኝ ቀኑ ዝምታ በዚህች ቃል አለቀ። "ማነው ይሄን ያጣራው?"

"መዝገብ ቤት ገብተው አዩ።"

"ምን አዩ?"

"ያንቺን መስመር።"

ማንኪያውን አነሣች፣ ቀመሰች። "ሩዙ ጨው የለውም" አለችኝ። ወጣሁ።

በማግሥቱ ሐሙስ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ከሥራ ስትመጣ ሱቄ ገባች፣ ቦርሳዋን ማሽኑ ላይ አድርጋ የደንበኛ መቀመጫው ላይ ተቀመጠች፤ እዚያ ተቀምጣ አታውቅም።

"ዛሬ አንዷን ጠየቅኳት" አለች። "ያልተሰመረ ቅጽ አወጣሁና፣ ሸርጥ አለሽ ወይ አልኳት። ነርስ ናት። አማቷ እንደ መጋረጃ ከጎኗ ቆመዋል። ልጅቷ አየችኝ፣ አየችኝና ጓንቷን አወለቀች። ከውስጡ ወረቀት አወጣች። አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት። ሥራዬን አልተውም የሚል ነው። ጽፋ ይዛው መጥታለች።"

"ጻፍሽላት?"

"ጻፍኩላት። አማቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሙሽራው እሺ አለ፣ አለቀ። ስድስት ደቂቃ ነው የፈጀው፣ ሰዓት አይቻለሁ።" ሻርፕዋን አስተካከለች። "ማንም እንደማይጠይቃት እያወቀች እኮ ነው ጽፋ የያዘችው። ስንቷ ትሆን በጓንቷ ይዛ መጥታ በጓንቷ ይዛ የተመለሰችው? አንቺ እንኳ አፍ ነበረሽ።"

እናቴን ስላነሳሁባት ይቅርታ ጠየቅኳት። "እናትሽ ብትኖር እውነትም ታጽፍልሽ ነበር" አለች። "እሷ ከኔ ይልቅ ቁጡ ነበረች።" ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ፍርድ ቤት እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

የቀጠሮው ቀን ሾፌሩ ያንኑ ደገመው። ወረቀቱ ላይ የለም፣ የለም ማለት ነው። ቃዲው "ሌላ ማስረጃ ከሌለ" ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ወፍራም ፋይል በደረቷ ታቅፋ ገባች፤ ማስመሪያዋን ፋይሉ ላይ አድርጋታለች።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ለምስክርነት ነው የመጣሁት" አለች።

"ወዐለይኩሙ ሰላም። አንቺ እኮ የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ነሽ፣ አክስቷም ነሽ" አሉ ቃዲው። "ለልጅሽ ብትመሰክሪ ሰው ምን ይላል?"

"እንግዲያው የኔን አይቀበሉ። የወረቀቱን ይቀበሉ።"

ፋይሉን ከፍታ ቅጾቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛቸው ላይ ደረደረች። ሃያ ይሆናሉ። ቃዲው የመጀመሪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም።"

"ስም የለውም።"

"የለውም።"

"ቀንም የለውም። ሙሽሪትስ?"

"የሚቀጥለው ሐሙስ ናት። ማን እንደሆነች እኔም አላውቅ፣ ገና ያልታጨችም ትኖራለች።"

"መስመሩስ?"

"መስመሩ የኔ ነው። ረቡዕ ዕለት ነው ያሰመርኩት። በየሳምንቱ ረቡዕ አሰምራለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው ያሰመርኩት።" አንዱን ቅጽ በማስመሪያዋ ወደሳቸው ገፋ አደረገችው። "ይህቺ ልጅ ሸርጥ አለኝ ስትል ቅጿ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ቅጽ ላይ ያለው መስመር ሸርጥ የለም አይልም። ረቡዕ ነበር ነው የሚለው።"

ቃዲው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ግን አልወለወሉትም። ቅጾቹን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

"ልጄ፣ ከእንግዲህ ወረቀቱን ተወው። ወረቀቱ መናገር አይችልም፣ አይተሃል። አንተን ነው የምጠይቅህ፤ ወላሂ ብለህ ትምልልኛለህ። ያን ቀን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይህቺ ሴት ሸርጥ ተናግራለች ወይስ አልተናገረችም?"

የሾፌሩ ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። አራት ዓመት ዱቄት ያመላለሰ ሰው ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሙን ፈርቶ፣ ወይ አፍሮ፣ የኖረ ሰው ነው። መሬት መሬት አየ።

"ተናግራለች" አለ። "ዓመት ካለፈ ራሴን አሰናብታለሁ ብላለች። ወንድሜም እየሳቀ ይጻፍላት ብሏል። ወላሂ ሰምቻለሁ።" ከዚያ ወደኔ ዞሮ "አንቺ ልጅ፣ አፉ በይኝ" አለኝ።

ቃዲው ያን ቀን ፈረዱ። ሸርጡ ተነግሯል፣ ባልየው ተቀብሏል፣ ዓመቱ አልፏል። ዒዳዬን፣ ከፍቺ በኋላ የሚጠበቀውን ጊዜ፣ ከዚያው ቀን እንድጀምር ነገሩኝ። ደስታ እጠብቅ ነበር። የመጣልኝ ግን ድካም ነው፣ ኬሻ ከጀርባው ገና እንደወረደለት ሰው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አክስቴ ከጎኔ ቆማ ሰው እንዳያየኝ በቦርሳዋ ጋረደችኝ።

ለአክስቴ ደብዳቤው የደረሳት በሳምንቱ ነው። ከመዝጋቢነት ተነሥታ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች፤ መስኮት የሌለው፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ የሚደርስ ክፍል ነው። አንዳንዱ ሰው ሰላምታ ነፈጋት። ጓደኛዋ የነበረች መዝጋቢ "ሁላችንንም አስደፈረችን" አለች አሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ "መስመሩን እኮ የተማረችው ከኔ ነው" አለች።

የማክሰኞዎቹ ሃያውን ቅጽ ኮፒ አድርገው፣ እኔው ነኝ ያደረግኩላቸው፣ ከአዲስ ማመልከቻ ጋር ለጉባኤው ላኩ። ኡስታዛዋ በዚህኛው ማመልከቻ ብዙ ኪታብ አልጠቀሰችም። "ፍላጎት የለም የተባለው በዚህ መስመር ተለክቶ ነው" ብላ ብቻ ጻፈች። ጉባኤው አምስት ወር ፈጅቶ፣ ሁለት ጊዜ ተጨቃጭቆ፣ አዲስ ቅጽ አወጣ። አምስቱ ረድፎች እንዳሉ ናቸው። ከላያቸው ግን ጥያቄው ታትሟል፣ ለሙሽሪት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የምታጽፈው ከሌላት ባዶውን የምትዘጋው ራሷ በእጇ ናት። የሙሽሮቹ መስመር ተንጋዶ ተንጋዶ ይመጣል። አክስቴ መዝገብ ቤት ሆና ስታያቸው ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ግን በጥንቃቄ ፋይል ታደርጋቸዋለች።

ዒዳዬ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ስከፍት ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማለች። ከቦርሳዋ አንዲት ወረቀት አወጣች። በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈቷ የጻፈችው ነው፣ ከላይ ለስም የሚሆን ባዶ ቦታ ትታለች። እንዲህ ይላል። "ከዚህ ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ ያለው መስመር የተሰመረው ሙሽራዋ ከመምጣቷ በፊት ነው። ሸርጥ የለኝም ያለች የለችም፣ አልተጠየቀችም። ያሰመርኩት እኔ ነኝ።" ከታች ስሟና ፊርማዋ አለ።

"ቃዲውን አስፈቅጃለሁ" አለች። "በየፋይሉ ላያይዘው ነው። ነገ አንዷ እንዳንቺ ወደ ቃዲው ብትወጣ ወረቀቱ አብሯት ይናገር።"

"ስንት ኮፒ?" አልኳት።

"ያሰመርኩትን ያህል።"

"እሱን ማን ያውቃል?"

"ፋይሎቹ ያውቃሉ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሬ አንድ በአንድ አወርዳቸዋለሁ። ሁለት ዓመት አለኝ።"

አዲስ የወረቀት እሽግ ቀደድኩና ማሽኑን አበራሁት። የመጀመሪያዋ ኮፒ ስትወጣ ገና ትኩስ እንዳለች አነሣቻት፣ እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ከላይ ባዶው ቦታ ላይ የኔን ስም ጻፈች።